ርካሽ የአደን ጠመንጃ ይዘው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ደጋው መቄትና ደላንታም ሆነ ቆላው ቃሉና ባቲ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ወይም ሌላ በእጅ እየተቀባበለ አንድ በአንድ የሚተኮስ መሣሪያ አይጠፋም። አንዱ ከአያት የወረደ ነው። ሌላው ክላሽ ለመግዛት አቅም ያጠረው ገበሬ ባለችው ብር የገዛው ነው። እርሻ ይጠብቅበታል፣ ጅብ ያባርርበታል፣ ለክብርም ይይዘዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች መጥፎ አይደሉም። አሠራራቸው ቀላል ነው። የሚበላሽ ነገራቸው ጥቂት ነው። በአግባቡ ከተያዙ ከሰው ዕድሜ በላይ ያገለግላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ አያያዛችን ነው። ጠመንጃውን እናከብረዋለን እንጂ አንመረምረውም። ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ ሰርግ ላይ እናወጣዋለን፣ ስለ ጀግንነቱ እናወራለን። ቱቦው ውስጥ ዝገት ይኑር አይኑር፣ የጎረሰው ጥይት የራሱ ይሁን የሌላ ግን ብዙ ሰው አያይም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

ወረቀቱን ሳያዩ ዋጋ መነጋገር

ርካሽ ጠመንጃ ሲገኝ ሁሉም ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ፈቃዱ የታለ?» ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መግዛትንና መሸጥን፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርንም ይከለክላል። ጥይትም በዚሁ ሕግ ሥር ነው። «አሮጌ ነው»፣ «የአደን ነው»፣ «የአያቴ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

የአያት ጠመንጃ ላይ ትንሽ ልቆይ። አባት ሲያርፍ ጠመንጃው ለታላቁ ልጅ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ይህ የቆየ ወግ ነው። ፈቃዱ ግን የአባት ስም ያለበት ነው፤ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አይወረስም። ቤተሰቡ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሳይዘገይ ወደ ወረዳው ፖሊስ ሄዶ ማስታወቅና በማን ስም እንደሚዞር መጨረስ አለበት። ብዙ ቤት ይህ ሳይደረግ ዓመት ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ፍተሻ ይመጣል፤ ልጅየው የአባቱን ወረቀት ያሳያል፤ አባቱ ግን በሕይወት የሉም። ያን ጊዜ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሲገዙ ደግሞ ወረቀት አለ መባሉ ብቻ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያመሳክሩ። ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር የተፋቀ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት። ሻጩ «ወረቀቱን ኋላ አመጣዋለሁ» ካለም እንዲሁ።

እንደሚታወቀው በክልላችን የጸጥታው ሁኔታ ሲለዋወጥ መሣሪያ ይዞ ስለመንቀሳቀስ የሚወጣው መመሪያም ይለዋወጣል። ባለፈው ዓመት ጠመንጃ አንግተው የሄዱበት ገበያ ዘንድሮ የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ቢኖርዎትም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ስለ ጥይቱ ሳያስቡ ጠመንጃ መግዛት

ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። አደገኛም ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

አሮጌ ጠመንጃ የሚረክስበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ጥይቱ ስለማይገኝ ነው። ሻጩ ይህን ያውቃል። ገዢው የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ «ይህ ይሆናል፣ ያ ይቀራረባል» እየተባለ የሌላ መሣሪያ ጥይት መሞከር ይጀመራል።

እዚህ አገር ያሉት ጠመንጃዎች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ቤልጅግ የምንለው ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅየም ያስገዛው የመውዜር ዓይነት ነው። ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን እርሳስ ውፍረት፣ ሁለተኛው ባሩዱን የያዘውን የቀለሁን ርዝመት ያሳያል። ጣሊያን ይዞት የመጣው ካርካኖ 6.5 በ52 ነው። በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሊ ኤንፊልድ 7.7 በ56 ነው። የሩሲያው ሞሲን 7.62 በ54 ነው።

አሁን ልብ ይበሉ። የሞሲን ጥይት 7.62 ነው። የክላሽም 7.62 ነው። የጂ 3 ጠመንጃም 7.62 ነው። ሰው «ሰባት ስድሳ ሁለት ነው፣ አንድ ነው» ይላል። አንድ አይደለም። የሞሲኑ ቀለህ 54፣ የጂ 3ቱ 51፣ የክላሹ 39 ሚሊ ሜትር ነው። የባሩዱ መጠንም የቀለሁ ቅርጽም ይለያያል። ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበት ማደሪያው ውስጥ በልኩ ያልገባ ቀለህ ሲተኮስ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመጣል። አረሩ ከቱቦው ከወፈረ ደግሞ የሚፈነዳው መሣሪያው ራሱ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጠመንጃው በትክክል የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ቱቦው ሥር ወይም ከማደሪያው በላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። የጥይቱን ዓይነት ቀለሁ ግርጌ ላይ ከተቀረጸው ምልክት ይለዩ። ማንበብ ካልቻሉ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ በሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ያሳዩ። «እጎርሳለሁ ካለ ይሆናል» የሚለውን ምክር አይቀበሉ። የሚጎርስ ሁሉ አይተኮስም።

ካርካኖ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ስድስቱን ጥይት አቅፎ አብሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ብረት አለው። ያ ብረት ከሌለ ካዝናው አይሠራም፤ አንድ ጥይት እያስገቡ መተኮስ ብቻ ይሆናል። ሻጩ ይህን ብረት አብሮ ካልሰጠ ዋጋው መቀነስ አለበት።

ውጅግራ ያለው ቤት ደግሞ ለብቻው ምክር ይፈልጋል። ውጅግራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 በፈረንሳይ የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። ብረቱ የተሠራው ለዚያ ባሩድ ነው። የዛሬው ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት አይችልም። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ በሕጉ መሠረት አስመዝግበው በክብር ያስቀምጡት፣ አይተኩሱት። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ታጥቀውት የነበረው ሽናድር ጠመንጃም፣ የሚገኝ ካለ፣ ነገሩ ያው ነው።

ሜዳ ላይ የተገኘ ጥይት ማንሳት

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያቋርጥ ብዙ ነገር መሬት ላይ ቀርቷል። ከብት ጠባቂ ልጆች ጥይት ለቅመው ይመጣሉ። ትልልቆቹም «የነፃ ጥይት» ብለው ይቀበላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከጥይት ጋር ተቀላቅሎ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ልጅ አይለየውም። የተገኘ ነገር ካለ ሳይነኩ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማስታወቅ ብቻ ነው።

በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ጥይትም ቢሆን ዕድሜው መታየት አለበት። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ፣ የተጎረበጠ ወይም አረሩ በጣት ሲነካ የሚንቀሳቀስ ጥይት አይተኮስም።

አሮጌ ጥይት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፣ ቃታ ስበው ዝም ይላል፤ ከአፍታ በኋላ ግን ይተኮሳል። ስለዚህ ዝም ሲል ወዲያው አይክፈቱት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አፈር እንዳቀኑ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ፊትዎን ገለል አድርገው ይክፈቱ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ድምፁ ደክሞ ይወጣል፤ አረሩ ቱቦው መሃል ተቀርቅሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ካቀባበለና ከተኮሰ ቱቦው ይፈነዳል። ድምፁ እንደወትሮው ካልሆነ ያቁሙ፣ ጥይቱን ያውጡ፣ ቱቦውን ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አድርገው ይዩት።

ቱቦውን አለማየት

ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚያየው ሰደፉን ነው። እንጨቱ ያማረ ከሆነ፣ ማንገቻው አዲስ ከሆነ ደስ ይለዋል። ዋናው ነገር ግን ውስጡ ነው። በእጅ የሚጎተተውን መቀባበያውን ሙሉ በሙሉ ያውጡትና ከኋላ ወደ ሰማይ ብርሃን ይመልከቱ። ውስጡ ጠመዝማዛ መስመሩ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ጥቁር ነጠብጣብና ጉድጓድ ካለ ዝገት በልቶታል። መሃል ላይ ቀለበት የመሰለ ጥላ ካዩ ቱቦው አንድ ጊዜ ተነፍቷል ማለት ነው። ያንን አይግዙ።

መቀባበያውም ከዚያው ጠመንጃ መሆን አለበት። በብዙዎቹ ላይ የመቀባበያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር ወይም የመጨረሻ አኃዞቹ አንድ ናቸው። ሁለት የተበላሹ ጠመንጃዎችን አንድ አድርጎ የመሸጥ ልማድ አለ። መልኩ ሙሉ ይመስላል፤ መቀባበያው ግን ለሌላ ማደሪያ የተለካ ነው። ጥይቱና መቀባበያው መሃል ክፍተት ይኖራል፤ በዚያ ክፍተት ቀለሁ እየተለጠጠ ይቀደዳል። በዓይን የማይታይ ነገር ስለሆነ ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ባለሙያ ሳያየው አይተኩሱበት።

በላምባ ወልውሎ ጨረስኩ ማለት

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ መሣሪያ አልቋል። ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይወለውላል፤ ግን በተሳሳተ ነገር ይወለውላል።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ስትቃጠል ጨው ትተዋለች። ወጥ ላይ ከምንጨምረው ጨው ብዙም የማይለይ ነው። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ብረቱም ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ የቀናት ጉዳይ ነው። ላምባም ሆነ ዘይት ጨው አያሟሙም። ላምባ ጥቀርሻውን ያወጣል፤ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ሰው ጠዳ ይላል። ጨው ግን እዚያው አለ። ዘይት ሲቀባበት ደግሞ ከሥሩ ተሸፍኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ጨው የሚያሟማው ውኃ ነው። ጠመንጃ ላይ ውኃ ማፍሰስ ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ እኔም ይህን ስናገር ሽማግሌዎች ፊታቸውን ሲያኮማትሩ አያለሁ። ግን ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ከተኮሱ በዚያው ቀን፣ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው መቀባበያውን ያወጣሉ። የፈላ ውኃ ከኋላ በኩል ቱቦው ውስጥ ያወርዳሉ። ውኃው እንጨቱ ውስጥ እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ። የሞቀ ብረት ቶሎ ይደርቃል፤ በንጹሕ ጨርቅ ደጋግመው ያደርቁታል። የመቀባበያውንም ፊት በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ያደርቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀጭን ዘይት በስሱ የሚቀባው። በማግስቱ አንድ ጊዜ ደግመው በጨርቅ ይዩት።

መወልወያውን ከአፈሙዝ በኩል ሳይሆን ከኋላ ያስገቡ። አረሩ የሚወጣበት የአፈሙዙ ጠርዝ በዘንግ ከተፈገፈገ ጠመንጃው አይመታም። እንደ ካርካኖና ቤልጅግ ያሉት መቀባበያቸው ስለሚወጣ ከኋላ ማስገባት ይቻላል፤ ምክንያት የለም።

ቅቤ ወይም ጮማ አይቀቡ፤ ይቆመጥጣል፣ አቧራ ይይዛል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አይሆንም፤ አሲድና የብረት ብናኝ አለው። አዲስ የሞተር ዘይት በስሱ ቢሆን ይሻላል።

አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍ

ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ይወተፋል። ሁለት ጉዳት አለው። ጨርቁ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዛል። ከዚያም በላይ ሌሊት ጅብ መጣ ሲባል ተነስቶ የሚተኩስ ሰው ውታፉን ይረሳል። የተወተፈ ቱቦ ሲተኮስ ይሰነጠቃል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ መያዝ ከዝናብ ይበቃዋል።

የቆዳ ሰገባም ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ምድጃ በላይ መስቀልም እንዲሁ ነው። የመቄትን ብርድ የጠጣ ብረት ጭስና ሙቀት ያለበት ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል። ቤት እንደገቡ በደረቅ ጨርቅ ያብሱት።

«ጥይት የለውም» ብሎ ማመን

ብዙ የቤት ውስጥ አደጋ የሚደርሰው በዚህ ቃል ነው። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ላይ ደግሞ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው።

መቀባበያውን አንድ ጊዜ ሲጎትቱ የጎረሰው ጥይት ይወጣል። ሰው ጥይቱ መሬት ሲወድቅ አይቶ «ወጣ» ይላል፤ መቀባበያውን መልሶ ይዘጋል። ሲዘጋ ግን ካዝናው ውስጥ ያለው ቀጣዩ ጥይት ተገፍቶ ይጎርሳል። ባዶ አደረግሁት ያለው ጠመንጃ ሙሉ ሆነ። ከዚያ ቃታውን «ለማሳረፍ» ይስበዋል።

ትክክለኛው አወጣጥ ይህ ነው፦ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን፤ ጣት ከቃታ ይራቅ፤ ካዝናው እስኪያልቅ ጥይቱን ሁሉ ያውጡ፤ ከዚያ ክፍት እንዳለ ማደሪያውንና ካዝናውን በዓይን ይዩ፣ በጣትም ይዳስሱ። በጨለማ ቤት ዓይን ብቻ አይበቃም።

ቤልጅግ መቀባበያው ጀርባ ላይ ክንፍ የመሰለች መቆለፊያ አለችው። ወደ ግራ ስትተኛ ይተኮሳል። ቀጥ ብላ ስትቆም ቃታው አይሠራም፣ መቀባበያው ግን ይከፈታል፤ ጥይት የሚወጣው በዚህ ላይ አድርጎ ነው። ወደ ቀኝ ስትተኛ ሁለቱም ይቆለፋሉ። ግን መቆለፊያ ያረጃል። ከብዙ አሥርት ዓመት በፊት የተሠራ ትንሽ ብረት ላይ የልጅዎን ሕይወት አይጣሉ። መቆለፊያ ያለውንም እንደሌለው ቆጥረው ይያዙት።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው ጎርሶ አይቀመጥም። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ቢቻል ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። መቀባበያው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ እሱንም ለይቶ መቆለፍ ቀላል መፍትሔ ነው፤ ያለ መቀባበያ ጠመንጃው አይተኮስም። «ልጆቼ አይነኩም» የሚል አባት አለ። ልጅ የአባቱን ጠመንጃ መንካት የሚፈልገው አባቱን ስለሚያደንቅ ነው፤ በቁጣ አይከለከልም። ቁልፍ ነው የሚከለክለው።

ጠብ ባለበት ቤት ጠመንጃ ማቆየት

የድንበር ጠብ፣ የውኃ ጠብ፣ የውርስ ጠብ በየቀበሌው አለ። ጠብ ባለበት ሰሞን፣ ወይም ቤት ውስጥ አንድ ሰው ልቡ በከፋበት ሰሞን፣ መሣሪያው ከእጅ መራቅ አለበት። ወረዳው ፖሊስ ጋ በሕጋዊ መንገድ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሁሉም ሰው የሚያስተውለው አይደለም፤ በንዴት የሚጎዳው ሌላው ብቻ አይደለም፣ ራሱን የሚጎዳም አለ።

ወሎ ለዚህ የራሱ ትልቅ ሀብት አለው። አበጋሮች ደም የተቃባ ቤተሰብ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ያስታርቃሉ። ነገሩ ደም ሳይደርስ ቢጠሯቸው ደግሞ የበለጠ ነው። ጠላና አረቄ ወዳለበትም ጠመንጃ ይዞ መሄድ አይገባም።

ሳይሞክሩ «ይመታል» ማለት

ብዙዎቹ አሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃዎች የኋላ ማነጣጠሪያቸው ዝቅተኛው ምልክት 200 ወይም 300 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ለጦር ሜዳ ነው የተሠሩት። በ100 ሜትር ሲተኮስ አረሩ ካነጣጠሩበት በላይ ይሄዳል። ሰው ይህን ሳያውቅ «ጠመንጃው ጠማማ ነው» ይላል፤ የፊቱን ማነጣጠሪያ በመዶሻ ይመታል ወይም በሞረድ ይከረክማል። እዚያ ላይ ይበላሻል።

ሕግ በሚፈቅደው ቦታ፣ ከኋላው ወፍራም የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ ክንድን በከረጢት አስደግፎ ብዙም ሳይርቁ መሞከር ነው። አረሮቹ አንድ ቦታ ተጠጋግተው ከመቱ ጠመንጃው ደህና ነው፤ ከፍታውን አውቆ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ይበቃል። እንደ አሸዋ ከተበተኑ ግን ቱቦው አልቋል፤ ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም። ጆሮዎን ይሸፍኑ። የጠፋ መስማት አይመለስም።

ቱቦው ረዘመ ብለው በመጋዝ የሚያስቆርጡም አሉ። አያስቆርጡት። ዒላማውም ይጠፋል፣ ጩኸቱም ይብሳል፣ ሕጉም ያስጠይቃል።

ከጀርባው ያለውን ሳያዩ መተኮስ

የወሎ መሬት ተራራና ገደል ነው። ሸንተረር ላይ የቆመ እንስሳ ጥሩ ዒላማ ይመስላል። ከሸንተረሩ ወዲያ ግን ሌላ መንደር አለ፤ እረኛ አለ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት አለች። የእነዚህ ጠመንጃዎች አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሰማይ ጀርባው ወደሆነ ነገር በፍጹም አይተኮስም። ዓለትም አይታመንም፤ አረር ዓለት ሲመታ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ከጀርባው ለስላሳ አፈር ያለበት ቁልቁለት ብቻ ነው የሚታመነው። በሌሊት ድምፅ ወደሰሙበት መተኮስም ከዚሁ ጋር ነው። ጅብ ነው የተባለው የጎረቤት አህያ፣ አንዳንዴም ጎረቤቱ ራሱ ሆኖ ተገኝቷል።

የጥር ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስም ይቅር። የወጣው አረር ይመለሳል፤ ሲመለስ የሰው ራስ ቅል ለመብሳት የሚበቃ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ሙሽሮችን በእልልታ መሸኘት እንችላለን።

እህል የነካውን ሁሉ አደን ማድረግ

መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት አደን የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱም ለተወሰነ እንስሳና ለተወሰነ ቦታ ነው። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይታደንም።

የገበሬው ችግር ይገባኛል። ማሽላ እሸት ሲይዝ ዝንጀሮና ከርከሮ በአንድ ሌሊት የሚያደርጉትን ያየ ሰው ንዴቱን ይረዳል። ግን እንስሳቱን እንለያይ። የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካባቢና የላሊበላው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 ያነሰ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እህል የሚበላውን ይበላል ማለት ነው። በግ በላ ተብሎ የሚገደለው ብዙ ጊዜ ያላደረገውን ነው። ጭላዳም የኛው አገር ብቻ ናት፤ የምትግጠው በአብዛኛው ሣር ነው። እነዚህ ላይ አፈሙዝ ማዞር አይገባም።

ለዝንጀሮና ለከርከሮ የተሻለው ጥበቃ ነው። ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ማሳው ዳር ማማ ሠርተው ቢጠብቁ፣ ውሻና ወንጭፍ ቢኖራቸው፣ ከጫካው አጠገብ ያለውን ማሳ እንስሳቱ የማይወዱት እህል ቢዘሩበት ጉዳቱ ይቀንሳል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ቀኑንና የጠፋውን መጠን ጽፈው፣ ከተቻለም ፎቶ አንስተው፣ በቀበሌው በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጋራ ያመልክቱ። የአንድ ሰው ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ የጎጡ ሁሉ ፊርማ ያለበት ግን ባለሙያ ማሳው ድረስ ያመጣል።